በቀትር የወጣችው ንግሥት

አንድ ማኮዋ የሚባል ንጉሥ ከሃዋይ ደሴቶች በአንዷ ላይ ነግሦ ነበር። ኖሄያ የምትባል፣ በአባት የምትገናኘው ታላቅ እህትም ነበረችው። ዙፋኑን የያዘው እሱ ነው፤ በዘር ክብር ግን የምትበልጠው እሷ ነበረች፤ የእናቷ ወገን ከእናቱ ወገን ይልቅ የከበረ ነበርና። በዚያ አገር ዙፋን ይህን አይሽረውም።

የአገሩ ሕግ ከባድ ነበር። ትልቅ ዘር ያለው ሰው በመንገድ ሲያልፍ አዋጅ ነጋሪው ከፊት ከፊት እየሮጠ «ተደፉ!» ይላል። ያን ጊዜ የሚቆፍረው መቆፈሩን፣ መረብ የሚጎትተው መረቡን ትቶ በግንባሩ መሬት ላይ ይደፋል። ባለ ክብሩ አልፎ እስኪሄድ ድረስ ቀና ያለ ሰው ይገደላል። በዚህ ቀልድ የለም።

የቀድሞዎቹ ነገሥታትና ንግሥታት ግን ማስተዋል ነበራቸው። ሕዝቡ ሥራ እንዳይፈታ፣ አራስ ልጇን ታቅፋ ጭቃ ላይ እንዳትወድቅ ብለው ቀን ቀን ቤታቸው ይቀመጣሉ፤ የሚወጡት ሰው ሥራውን ጨርሶ ከገባ በኋላ ነው። ኖሄያም ከእናቷ ያየችው ይህንን ስለሆነ እንዲሁ ታደርግ ነበር። ፀሐይ ፊቷን አይታው አታውቅም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በዚህም ለሕዝቡ የምትችለውን ሁሉ ያደረገች ይመስላት ነበር።

ማኮዋ ሌላ ዓመል አወጣ። ጠዋት ሲነሳ ሰው የሚበዛበት ቦታ የት እንደሆነ ይጠይቅና ወደዚያው ይሄዳል። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ እንደታጨደ ሣር ሲረፈረፍ ማየት ደስ ይለው ነበር። አንዳንዴማ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ትቢያቸውን እያራገፉ የተነሱት እንደገና እንዲደፉለት። ንጉሥ ሆኖ ሌላ የሚሠራው ጠፍቶ!

በአንድ የክረምት ወቅት ዝናቡ በረታና ወንዙ ሞላ። ከወንዙ በታች የጎደሬ ማሳዎች አሉ፤ የመንደሩ ቀለብ በሙሉ ከዚያ ነው። ሰዉ ጎርፉን ለመገደብ ከተራራው ሥር እስከ ወንዙ ድረስ ተሰልፎ ድንጋይ በእጅ እየተቀባበለ ነበር። ካይኖዋ የሚባል ጎልማሳ ደግሞ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ግድቡን የያዘውን ግንድ በትከሻው ደግፎ ቆሟል። ግንዱን ቢለቅ ውሃው ግድቡን ጥሶ ማሳውን ሊወስድ ነው፤ ከታች የሚሠሩትንም እንደዚሁ።

ማኮዋ የመጣው በዚህ መሃል ነው። «ተደፉ!» ተባለ። ድንጋዩ ከየሰዉ እጅ ወደቀ፤ ሰዉም ተደፋ። ካይኖዋ ብቻ ቆሞ ቀረ። ምን ያድርግ?

«ያንን ያዙልኝ!» አለ ንጉሡ።

ወታደሮቹ ጎትተው አወጡት። ግንዱ ተነቀለ፤ ግድቡ ተናደ። ንጉሡ ውሃውን ሲያይ ቀድሞ ስለሸሸ ሰዎቹ ተነስተው ሮጡና ነፍሳቸውን አተረፉ። የዓመቱ ጎደሬ ግን በጭቃ ተዋጠ። ይህ ሁሉ ሆኖ ጥፋተኛ የተባለው ማን ይመስላችኋል? በማግስቱ ቀትር ላይ በመቅደሱ አደባባይ እንዲገደል የተፈረደበት ካይኖዋ ነው። አንድም ሰው «ኧረ ግፍ ነው» አላለም።

ሚስቱ ሚሊያኒ ሄዳ ከንግሥቲቱ ከኖሄያ ደጅ ተደፋች።

«እመቤቴ፣ ባሌን ሊገድሉብኝ ነው» አለችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

ኖሄያ በንዴት ከተቀመጠችበት ተነሳች። «እንዲህ ያደርጋል እንዴ! እኔ እኮ እናንተን ላለማስቸገር ብዬ ዕድሜ ልኬን ቤቴን ዘግቼ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ!»

«እናውቃለን እመቤቴ፤ ሁልጊዜ እንመርቅዎታለን» አለች ሚሊያኒ፣ ግንባሯን ከመሬት ሳታነሳ። «አንድ ነገር ልናገርና ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ቤት ሲቀመጡ ቀኑን ለንጉሡ ለቀቁላቸው። ከእርስዎ በቀር የሚፈሩት ሰው የለም፤ እርስዎን ደግሞ መንገድ ላይ አያገኙዎትም።»

ንግሥቲቱ መጀመሪያ ሴትዮዋን ተቆጣቻት። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት የተናገራት ሰው አልነበረም። ነገሩን ስታስበው ግን ቁጣው ወደ ራሷ ዞረ። ደግነት ብላ የያዘችው ነገር ለወንድሟ ሜዳውን ባዶ ሲያደርግለት ኖሯል። እሷ ስትመረቅ ሌላው ሲረገጥ ነበር።

በማግስቱ አደባባዩ በዝናብ ጨቅይቶ ነበር። ካይኖዋ ታስሯል፤ ካህናቱና መኳንንቱ ቆመዋል። ማኮዋ ስንት ሰው ስንት ዘመን የለፋበትን የቢጫ ላባ ካባ ደርቦ ይጠብቃል። ድንገት ከመንገዱ በኩል ድምፅ ተሰማ።

«ተደፉ! ኖሄያ ትመጣለች!»

በቀትር! ሰዉ ጆሮውን ማመን አቃተው፤ ቢሆንም ሁሉም ተደፋ። ማኮዋ ብቻ ቆሞ ግራ ቀኙን ያያል።

«ንጉሥ ሆይ፣» አለ የካህናቱ አለቃ ከተደፋበት፣ «ሕጉ እርስዎንም ይመለከታል።»

ንጉሡ ከነካባው ጭቃው ላይ ወደቀ። ኖሄያ ቀስ ብላ መጣችና ራስጌው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሌላው ሰው ይነሳ፤ ፈቅጃለሁ» አለች። «ወንድሜ እንዳለ ይቆይ።»

ሁሉም ተነሳ። እሷ ግን አላለፈችም። ዝናቡም እንደገና ጀመረ።

«እህት ዓለም፣ እለፊ እንጂ!» አለ ማኮዋ።

«ምን አስቸኮለህ? ሰው ተደፍቶ ማየት ደስ ይልህ የለ? እስቲ እኔም ደስ ይበለኝ።»

«ኧረ ውሃው አፌ ሊገባ ነው!»

«ካይኖዋም ውሃ ውስጥ ነበር።»

ማኮዋ ትንሽ ታገሠ። ጭቃ ውሃው እየሞላ መጥቶ አፍንጫው ጋ ሲደርስ ትን አለውና ራሱን ብድግ አድርጎ ሳለ። ቀና ያለ ሰው ምን እንደሚደረግ የማያውቅ አልነበረም።

ኖሄያ ወደ ካህናቱ አለቃ ዞረች። «እንግዲህ ቀና ያሉ ሁለት ሰዎች አሉን» አለች። «አንዱ ቀና ያለው ሰው እንዳያልቅ ብሎ ነው። ሌላው ቀና ያለው የገዛ አፍንጫውን ብሎ ነው። ሕግ አዋቂ አንተ ነህ፤ የትኛው ይገደል?»

ካህኑ መሬት መሬቱን አየ። የመለሰው ንጉሡ ነው፤ «ፍቱት» አለ፣ ድምፁ አንሶ።

«ማንን? ሰውየው ስም አለው።»

«ካይኖዋን… ካይኖዋን ፍቱት።»

ሰውየው ተፈታ። ኖሄያም ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች፦ «ከዛሬ ጀምሮ ቀን ቀን እወጣለሁ። ሥራ የያዘ ሰው ለእኔ አይደፋም። ወንድሜ ግን በተገናኘን ቁጥር ይደፋል።»

ከዚያ ወዲህ ማኮዋ ቀን ቀን ቤቱን ወደደ ይባላል።

የጠፋው ጎደሬ ግን አልተመለሰም። ሕዝቡ ያን ዓመት የዱር ሥራሥር እየቆፈረ ሲበላ ከረመ። ኖሄያም በየመንደሩ ስትዞር የከሳውን ሰው ፊት ታይ ነበር፤ ቀደም ብላ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ። ካይኖዋን በማዳኗ ሲያመሰግኗት አንገቷን ትደፋ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ክብር ለሰው የሚሰጠው ሌላውን ጭቃ ላይ እንዲጥልበት አይደለም። ሕዝብ የሚደፋለት ሰው፣ የተደፋው ሰው እጁ ላይ ምን ሥራ እንደነበረ ካላየ ንጉሥ አይባልም፤ ሸክም ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እንዲህ ያለውን ሰው ማማትም አያቅተንም። የሚከብደው የኖሄያ ነገር ነው። ክፉ አለመሥራት ብቻውን ደግነት አይደለም፤ ክፉውን ማስቆም የሚችል ሰው ገለል ሲልለት ከግፉ ድርሻ አለው።

አንተስ፣ አንቺስ፣ «እኔ ማንንም አልበደልኩም» ብላችሁ በራችሁን ስትዘጉ፣ ውጭ የቀረው ሰው ማን እጅ ላይ እንደወደቀ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?