የሃያ ደቂቃው ዘመቻ

አንድ ወታደር ነበረ፣ ጠዋት ዘምቶ ማታ ቤቱ የሚገባ። ስሙ አንዳርጌ ነው። ጦርነቱ ያለው ሩቅ አገር ነው፤ እሱ ግን የሚዋጋው ከከተማው ዳር፣ አንዲት ነጭ ክፍል ውስጥ፣ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ነው። ሰው የሌለባት አውሮፕላን ደመና ለደመና ትሄድለታለች። ከታች ሰዎች እንደ ጤፍ ፍሬ ይታዩታል። ጣቱን ጫን ሲያደርግ ጭሱ እንደ አበባ ይፈካል፤ ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው፣ ልክ እንደ ሕልም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተረኛው ይቀይረዋል። በሰርቪስ ሃያ ደቂቃ ተጉዞ፣ ዳቦ ገዝቶ ሰፈሩ ይደርሳል።

ይደርሳል እንጂ ቤቱስ ወዲያው አይገባም። ዳቦውን እንደታቀፈ ወንዝ ለወንዝ ሲዞር ያመሻል። የሰፈር ዓይን መች ይከደናል? ውሽማ ይዟል ተባለ። ያቺ ሽቶ የምትነሰነሰው ጠላ ሻጭ ናት ያሉም አልጠፉ። ወሬው ሚስቱ የሻረግ ጆሮ ገባ። ሌላ ቀን ብታመሽ እናቴ ቤት ነኝ አለችው። በማግስቱም አመሸ።

የሻረግ ልብሷን ቋጥራ ወጣች። የእናቷ ቤት መንገድ በወንዙ ዳር ነው። እዚያ ስትደርስ ባሏ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል፤ አጠገቡም አያ ጓንጉል፣ በድሮው ጦርነት የዘመቱት ሽማግሌ።

«ውሽማህ ለካ ጢም አላት» አለችው።

አንዳርጌ አልሳቀም። «የሻዬ፣ እኔ መጣሁ እንጂ እጄ ገና እዚያ ነው። በዚህ እጅ ልጆቹን እንዴት ልቀፍ? እስኪመጣልኝ እየጠበቅሁት ነው።»

አያ ጓንጉል በዘመናቸው ጦርነቱ አብቅቶ ከጓዶቻቸው ጋር አርባ ቀን በእግር እንደተመለሱ ነገሯት። በመንገዱ ላይ መጀመሪያ እርስ በርስ ተጣሉ፣ ቀጥሎ አለቀሱ፣ በኋላ ስለ በሬያቸው ማውራት ጀመሩ።

«ደጃችን ስንደርስ ጦረኛው መንገድ ላይ ቀርቶ ገበሬው ብቻ ገባ። የባልሽ መንገድ ግን ሃያ ደቂቃ ነው፣ ልጄ። ነገም ተመልሶ ሊሄድ።»

 የሻረግ ቋጠሮዋን ባሏን አሸከመችው።

«ተነሥ፣ በረጅሙ ዞረን እንግባ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሁለቱም ይዞራሉ። ሰፈርተኛው፣ በስተርጅና ፍቅር ጀመራቸው እያለ ያማል። ይማ።

የድሮ ሰው ሄዶ ይዘምት፣ ዘምቶ ይመለስ ነበር። የዛሬው ሳይሄድ ይዘምታል፤ ሳይመለስም ይገባል። ጦርነት ቅርብ ሆነ ማለት ሰላም ቅርብ ሆነ ማለት አይደለም፤ መካከላቸው መንገድ ያስፈልጋል፣ መንገዱንም አብሮ የሚሄድ ሰው። እስቲ እናንተስ፣ ማታ በራችሁን ከፍቶ የገባው ሰው በእርግጥ ገብቷል?