በደቦ የተጠና ፈተና

በከተማችን ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ተሰብስበው ሲያጠኑ፣ አንዱ ሲያስረዳ ሌላው አንገቱን እየነቀነቀ «ገባኝ፣ ገባኝ» ካበዛ፣ ከመካከላቸው አንዱ ስለ እርሻና ስለ ጉርሻ የምታወራ አጭር ተረት ጣል ያደርግበታል። የተተረተበትም ልጅ አፍሮ እስክሪብቶውን ያነሳል። ብዙ ሰው ተረቷ ከጥንት አራሾች የወረደች ይመስለዋል። ኧረ የለም! የወጣችው ከጋሽ ፈንታሁን በረንዳ ነው፤ ያስወጣትም አንሙት የሚባል የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነው።

አንሙት የቅየሳ ረዳት ነበር። ረዳት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። መሐንዲሱ ባለሦስት እግሩን መሣሪያ ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲመለከት፣ አንሙት ማዶ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ይዞ ይቆማል። «ወደ ግራ!» ሲሉት ወደ ግራ፣ «ቀጥ አድርገው!» ሲሉት ቀጥ ያደርጋል። ከእሱ በኋላ የተቀጠሩ ልጆች ተምረው ከመሣሪያው ኋላ ሲቆሙ እሱ ከዘንጉ ጋር ቀረ። በሒሳብ ግን የሚደርስበት አልነበረም፤ ይህንንም ከማንም ቀድሞ የሚናገረው እሱ ራሱ ነው።

መስከረም ላይ በዞኑ ከተማ ያለ አንድ ኮሌጅ ማስታወቂያ አወጣ። በሥራ ላይ ላሉ ሰዎች በሲቪል ምህንድስና ጥቂት ቦታ አለ፤ ፈተናው ግንቦት ላይ ይሰጣል፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ንድፍ ይፈተናሉ፤ ከሦስቱ በአንዱ ከግማሽ በታች ያመጣ በሌላው መቶ ቢያገኝም አያልፍም። አንሙት እስከዚህ ድረስ ደስ እያለው አነበበ። ከሥር ግን «ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ያልበለጠ» የምትል መስመር ነበረች። እሱ በመጪው ክረምት ሠላሳን ይሻገራል። ዘንድሮ ካለፈ አለፈ፣ ካላለፈ ዘንጉን እንደያዘ ጡረታ መውጣቱ ነው።

በዚያው ሰሞን እንደ እሱ ለመፈተን ያሰቡ ሁለት ሰዎች አገኘ። አንደኛው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የሚሠራው ደሳለው ነው፤ ቀልደኛ፣ ለሰው የሚራራ። ሁለተኛዋ በማዘጋጃ ቤት የቤት ፕላን የምትነድፈው ስንዱ፣ የጋሽ ፈንታሁን ልጅ ናት።

አንሙት የገበሬ ልጅ ነውና መላው ወዲያው መጣለት።

«ደቦ እንግባ» አላቸው። «ሒሳቡን እኔ አርሳለሁ። ደሳለው ፊዚክሱን፣ ስንዱ ንድፉን። ከሥራ መልስ እየተገናኘን ያረስነውን እንካፈላለን። ብቻውን የሚያጠና ሰው ሦስቱንም ማሳ እየዞረ ወገቡ እስኪቆረጥ እኛ አጭደን፣ ወቅተን ጎተራ እናስገባለን!»

የስንዱ ቤት በረንዳው ሰፊ ስለሆነ መገናኛቸው እዚያ ሆነ። ስንዱ ፕላን የምትነድፍበትን ትልቅ ወረቀት አመጣች፤ አንሙት እቅዱን አወጣ። ጥቅምትና ኅዳር እርሻ፣ እስከ የካቲት አረም፣ መጋቢትና ሚያዝያ አጨዳ፣ ግንቦት ጎተራ። ለየወሩም ቀለም ቀባለት። ደሳለው አይቶ፣ «ይኼን ለፈታኞቹ ብንልክላቸው እኮ ሳንፈተን ያሳልፉናል» አለ። ጋሽ ፈንታሁን ሳይቀሩ ከወንበራቸው ተነሥተው መነጽራቸውን አስተካክለው አደነቁ።

እንግዲህ ደቦ ሥርዓት አለው። በአረም ጊዜ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ትልም ትልሙን ይዞ ሲሄድ፣ ወደ ኋላ የቀረ አይሰደብም። ግራና ቀኙ ያሉት ጎንበስ ብለው የእሱንም ትልም ያርሙለትና ከሰልፉ ጋር ያስተካክሉታል። አንሙት ይህን ሥርዓት እንዳለ አምጥቶ በረንዳው ላይ ተከለው። ደሳለው ሒሳብ ላይ ሲደናቀፍ አንሙት እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድ አድርጎ ይጨርስለታል። አንሙት ፊዚክስ ላይ ሲቆም ደሳለው ይጨርስለታል። የሁለቱንም ንድፍ ስንዱ በእርሳሷ ታስተካክለዋለች። ይህንንም «ትልም ማገዝ» አሉት። «ገባህ?» «ገባኝ!» እየተባባሉ፣ ቆሎ እየቆረጠሙ፣ ወራቱ እቅዱ ላይ እንደተቀባው ቀለም አምሮባቸው አለፈ።

ጥር ላይ አንድ እሑድ አንሙት ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ሞከረ። ባለፈው ሳምንት ደሳለው የሠራው ዓይነት ነው። ጀመረ፤ ቆመ። እንደገና ጀመረ፤ አሁንም ቆመ። የወረቀቱን ባዶ ቦታ ሲያይ ፍርሃት ያዘው። «ገባኝ ብዬ አልነበር እንዴ?» አለ። እዚያው ከፍርሃቱ ጋር ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ይህች ተረት አትወጣም ነበር። እሱ ግን መጽሐፉን ብብቱ ሥር አድርጎ ደሳለው ቤት ሮጠ። ደሳለውም ለጓደኛው አይሆንም ማለት አያውቅም፤ እየቀለደ አፍታም ሳይቆይ ሠራለት። አንሙት ቀለል ብሎት ተመለሰ። ፍርሃቱ ለቀቀው እንጂ ፊዚክሱ አልገባውም።

የካቲት ላይ በረንዳው ታመሰ። ስንዱ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ላይ ተቸግራ ወረቀቱን ታያለች፤ አንሙት እንደ ልማዱ እጁን ሰዶ እስክሪብቶዋን ወሰደ።

«መልስልኝ፣ አያ አንሙት» አለች።

«ላግዝሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። መልስልኝ።»

«ምን ሆነሻል? ወደ ኋላ ቀርተሽ እኮ ነው!»

«ልቅር! ፈተናው ላይ ማን መጥቶ ሊጨርስልኝ ነው? ትናንት ብቻዬን ሞክሬ ባዶ ወረቀት ይዤ ዋልኩ። አንተ ስትሠራው ይገባኛል፤ አንተ ስትነሣ አብሮህ ይነሣል።»

ያ የጥር ወር እሑድ ትዝ ሲለው የአንሙት ፊት ቀላ። ያንን ቀን እንዳያስታውሰው በቁጣ አባረረው።

«ደቦ ጥሎ መውጣት በእኛ አገር ነውር ነው!»

«አልወጣሁም። ንድፉን አስተምራችኋለሁ፤ እርሳሳችሁን ግን ከዛሬ ጀምሮ አልነካም። እናንተም የእኔን አትንኩ።»

ደሳለው ሊያስታርቅ ቀልድ ጀመረ፤ ማንም አልሳቀለትም።

ከዚያ በኋላ ስንዱ ንድፏን አስተምራ ስትጨርስ ወደ ውስጥ ገብታ በሯን ትዘጋለች። አንሙት በረንዳው ላይ ሆኖ ወረቀት ስትቀድ፣ ስትሰርዝ፣ ተነሥታ ስትንጎራደድ ይሰማታል። «ይሄው፣ ብቻዋን ስትዳክር» ይላል ለደሳለው። የእሱ ንድፍም ሲጣመም ዝም ብላ ታየዋለች። «ስንዱ፣ ይቺን መስመር ብቻ» ቢላት «ራስህ አጥፋና ድገማት» ትለዋለች። በንዴት እያጠፋ፣ በንዴት እየደገመ፣ ወረቀት እየቀደደ ይሠራል። ደግነቱ ደሳለው አለ። ደሳለው ሁሌም ይጨርስለታል፤ እሱም ለደሳለው ይጨርስለታል።

ግንቦት ደረሰ። አንሙት በፈተናው ቀን ሒሳቡን እንደ ውሃ ጠጣው። ንድፉን እየተንገዳገደ ጨረሰ። የፊዚክሱ ወረቀት ሲመጣ የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብቦ ፈገግ አለ። በሁለት ምሰሶ ላይ የተጋደመ ድልድይ አለ፤ ወደ አንደኛው ምሰሶ ተጠግቶ የጭነት መኪና ቆሟል፤ እያንዳንዱ ምሰሶ ምን ያህል ይሸከማል? ያውቀዋል! ደሳለው በረንዳው ላይ ሠርቶታል፤ አንዴም አይደል፣ ደጋግሞ።

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። አልሄደም።

ደሳለው ያን ቀን ምን እንደለበሰ አስታወሰ። መኪናውን «የወፍራሙ ሹፌር መኪና» ብሎ እንዳሳቃቸው አስታወሰ። ሲበሉት የነበረው ቆሎ ሽምብራ የበዛበት እንደነበር እንኳ አስታወሰ። ከየት እንደተጀመረ ግን ጠፋው። ቀና ሲል ከፊቱ የደሳለውን ጀርባ አየ። መልሱ እዚያ ጀርባ ውስጥ ነው፤ ሊደርስበት ግን አይችልም። ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ፤ እሱንም ደሳለው ነበር የጨረሰው። ከዚያኛውም አለፈ። ዘንግ ይዞ የቆመባቸው ሜዳዎች ሁሉ፣ ዝናቡ፣ ፀሐዩ፣ «ወደ ግራ!» የሚለው ጩኸት ጆሮው ላይ መጣበት። «እባክህ አምላኬ» አለ በልቡ። ፈታኙ «እስክሪብቶ አስቀምጡ» ሲል ከወረቀቱ የሚበዛው ባዶ ነበር።

ውጤቱ የተነገረ ዕለት አንሙት ነገሩን እያወቀም ቢሆን ሄደ። ሒሳብ፣ ከተፈታኙ ሁሉ አንደኛ። ንድፍ፣ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ። ፊዚክስ፣ ወደቀ። ደሳለው ደግሞ ፊዚክሱን ደፍኖ በሒሳብ ወደቀ። ስንዱ በምንም አንደኛ አልወጣችም፤ ሦስቱንም ግን አለፈች።

ደሳለው ገና ዕድሜ ስላለው «ለከርሞ!» ብሎ ሄደ። አንሙት ግን ከርሞ የለውም። እግሩ ወዴት እንደሚወስደው ሳያውቅ በጋሽ ፈንታሁን በረንዳ ተገኘ። ስንዱ አይታው ቆመች፤ ደስታዋን የት እንደምትደብቀው ጠፋት።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት ጨክኖ። «አስቀይሜሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ።»

እሷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አንሙት ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የደቦን ነገር ያውቃሉ። አንድ ቀን አልቀረሁም፤ አልሰነፍኩም፤ ማንንም አላታለልኩም። እርሳሷን የከለከለችኝን አለፍኩ፣ ወንድሜ አዝኖ በጨረሰልኝ ወደቅሁ። እኔም ላግዘው ብዬ ደሳለውን ጣልኩት። ይኼ እንዴት ያለ ነገር ነው?»

ጋሽ ፈንታሁን ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡት። እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ፤ አዝነውለታል። በኋላም በቀስታ እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ደቦ ያርስልሃል እንጂ አይጎርስልህም።»