እንዳልካቸው የሞተበት ቀን

ይህ ታሪክ የሚያልቅበትን ተረት አገር ያውቀዋል፤ የሰምበሬ ሰዎች ግን ከእኛ ነው የወጣው ብለው ይምላሉ። ውሸታቸውን ነው፤ ተረቱ ከሰምበሬም ይቀድማል። እኔ ግን ታሪኩን ከሰማሁ ወዲህ ክርክሩን ትቼላቸዋለሁ።

ሰምበሬ ሁለት ሰፈር ናት። ላይ ሰፈር ኮረብታው ላይ፣ ታች ሰፈር ወንዙ ዳር። ወንዙ በበጋ ፍየል አያሰምጥም፤ በክረምት ግን ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ ሰምበሬ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ ደራሽ ጎርፍ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ይተከል ተባለ። የሚሠራውም እንዳልካቸው የሚባል የላይ ሰፈር የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነ።

እንዳልካቸው አስቀድሞ ሕዝቡን ሰብስቦ አስረዳ።

«ሥርዓቱ እንደ ሰው ነው» አለ። «ዓይን አለው፤ ላይኛው ድልድይ ጋ ሆኖ ውሃውን የሚለካ። ልብ አለው፤ ዓይን ያየውን የሚያስቀምጥና የሚፈርድ ኮምፒውተር። አፍ አለው፤ ታች ሰፈር የሚጮኸው ሳይረን። እኔ ቢሮ ያለው ስክሪን ደግሞ መስኮት ነው። ልብ የነገረውን ያሳያል እንጂ በራሱ አያይም።»

የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ጋሽ ሽብሩ እጃቸውን አወጡ። «ልቡ የት ነው የሚያድረው?»

«እዚህ ኮረብታው ላይ፣ ቢሮ ውስጥ። ዓይኑን ጎርፍ ቢወስደው እንኳ ልቡ ይተርፋል። ዓይኔ ምን ነካው ብሎ አፉን ያስጮኸዋል።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

ደግ ነበር፣ እንደተባለው ቢሆን ኖሮ። የቢሮው ክፍል ሳያልቅ የምርቃቱ ቀን ደረሰ። የሥራው ኃላፊ አቶ ገዛኸኝ እንግዶቹን ጠርቷል፣ ሰንጋውም ታስሯል።

«ልቡን ለጊዜው ድልድዩ ጋ፣ ዓይኑ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው» አለ።

«አቶ ገዛኸኝ፣ አንድ ላይ ካደሩ እኮ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት።»

«ለጊዜው አልኩህ! ከምርቃቱ በኋላ ታነሣዋለህ።»

እንዳልካቸው እያወቀ እሺ አለ። ሪባን ተቆረጠ፣ ሳይረኑ ለሙከራ ጮኸ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። አቶ ገዛኸኝም «ከእንግዲህ ሳይረኑ ካልጮኸ ጎርፍ የለም፤ አርፋችሁ ተኙ!» ብሎ ወደ ሰንጋው ሄደ። ልቡን ያነሣው የለም። በአገራችን እንደ «ለጊዜው» ዕድሜ ያለው ነገር መቼም አልታየም።

በዚያው ክረምት የእንዳልካቸው ሚስት ስንዱ ወለደች። ከብዙ ዓመት ስለት በኋላ የተገኘ ልጅ ነው፤ አባቱ «አንድ ዓይኔ» እያለ ነበር የሚጠራው። እንደ ወጉ ስንዱ የምትታረሰው እናቷ ቤት፣ ታች ሰፈር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ሳለ የእንዳልካቸው ስልክ ጮኸ። የድልድዩ ዘበኛ ነበር።

«ወሰዳት! ክፍሏን ውሃው ወሰዳት!»

«የቷን ክፍል?»

«ያንተን!» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

እንዳልካቸው ስክሪኑን አየ። አረንጓዴ ነው፤ «ሰላም» ይላል። መስኮቱ የሚያሳየው ልቡ ሳይሞት የተናገረውን የመጨረሻ ቃል ነበር። የሳይረኑን ቁልፍ ተጫነ፤ ደግሞ ተጫነ። ትእዛዙ ማለፍ የነበረበት በልቡ ነው፤ ልቡ ደግሞ ከግንድና ከጭቃ ጋር ቁልቁል እየወረደ ነው። ታች ሰፈር ጭጭ አለ። ስንዱ ጋ ደወለ፤ ዝግ ነው። አማቱ አራስ ቤት ስልክ አያስገቡም።

ወጥቶ ሮጠ። ከኮረብታው ጫፍ ሲያይ ታች ሴቶች ወንዙ ዳር ልብስ ያጥባሉ። ወርዶ ቤት ለቤት ቢያንኳኳ ጎርፉ ይቀድመዋል። ሚስቴንና ልጄን ብቻ ይዤ ልውጣ ይሆን? ብሎ አሰበ፤ ማሰቡ ራሱ አስፈራው።

እዚያው ኮረብታው አፋፍ ላይ ካለው የጋሽ ሽብሩ ደጅ ደረሰ። «ጋሼ፣ ጡሩንባውን! ጎርፍ መጣ!»

ሽማግሌው ጡሩንባውን ከግድግዳው አወረዱ፤ ግን አልነፉም። «ጎርፍ ብል ማን ያምነኛል? ሳይረኑ አልጮኸ፣ ሰማዩ አልጠቆረ። እውነት ነው ወይ ብለው ወንዝ ዳር ወርደው ነው የሚያዩት። ሰው ሳይጠይቅ የሚነሣው ለሞት ነው። ላይ ሰፈር ሰው ሞተ ልበል፤ ወደ ለቅሶ ቤት ይወጣሉ።»

«አራስ ለቅሶ አትደርስም» አለ እንዳልካቸው። «ስንዱ አትወጣም።»

እንዳልካቸው ጡሩንባውን ወደ ሽማግሌው አፍ ገፋ።

«የእኔን ስም ይጥሩ።»

«በቁምህ?»

«ለእኔ ትወጣለች። ጋሼ፣ ይንፉ!»

ጡሩንባው አስተጋባ። «እንዳልካቸው በድንገት ስላረፈ ለቀብር ውጡ!» ጥሪው ከአፍ ወደ አፍ ቁልቁል ወረደ። ልብስ አጣቢዎቹ ያጠቡትን ጥለው ተነሡ፤ ነጠላ ተዘቀዘቀ፤ ታች ሰፈር ደረቱን እየደቃ ሽቅብ ጎረፈ። እንዳልካቸው ስንዱን ሊቀበል ሊሮጥ ሲል ጋሽ ሽብሩ ክንዱን ያዙት።

«አንተን ካዩ መንገድ ላይ ይቆማሉ። ሙት ነህ፤ ግባ!»

ገባ። በበሩ ስንጥቅ የገዛ ለቅሶውን እያየ ቆመ። ሁሉም ያልፋል፤ ስንዱ የለችም። ጎረቤቶቿ አለፉ፤ እሷ የለችም። ከላይ በኩል መሬቱ ሲያጉረመርም ተሰማው። አፉን በእጁ አፈነ።

በመጨረሻ ብቅ አለች። ባዶ እግሯን ናት፤ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጣብቃለች። እናቷ ከኋላ «አራስ ነሽ እኮ፣ ልጄ! በጌታ!» እያሉ ይከተሏታል። ሁለቱ ዳገቱን ሲጨርሱ ጎርፉ ታች ሰፈር ገባ። አራስ ቤቱ ከነቆርቆሮው ተነሣ፤ ዞረ፤ ከዚያ አልታየም።

ለቀስተኛው ቀጥ አለ። እንዳልካቸው በሩን ከፍቶ ወጣ። አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዱ ሸሸ። ስንዱ አፍጥጣ አየችው። ሕፃኑን ለእናቷ ሰጥታ በጥፊ መታችው፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

እንዳልካቸው ልጁን ተቀብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እያወቅኩ ነው» አለ። «ሁሉን አንድ ቤት ያስቀመጥኩት እያወቅኩ ነው።»

አቶ ገዛኸኝ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ጫማውን ያያል። ጋሽ ሽብሩ የጡሩንባቸውን አፍ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጭቃ የዋጠውን ሰፈር፣ ቀጥሎም እንዳልካቸው ጭን ላይ የተኛውን ሕፃን አዩና፣ «ልጄ፣ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አሉ።