የዟሪዋ ድርሻ

ዶሮ ታርዳ ከሆዷ ወርቅ በሚለቀምበት ዘመን፣ አያቴ ገና በሚድህበት ጊዜ፣ ከዳቡስ ወንዝ ማዶ ረውዳ የምትባል ሴት ነበረች። ውሸት ነው የሚል ዶሮዋን ይጠይቅ።

ረውዳ ሀብት የላት፣ ዘመድ የላት። ያላት አንድ ባል ነው፤ በሽር ይባላል። ደግሞ የማያርፍ እግር አላት። ቆማ ትበላለች፣ ቆማ ታንቀላፋለች። በሠርጓ ቀን እንኳ ሽማግሌዎቹ ከኋላዋ እየሮጡ ነው የዳሯት።

በዚያ አገር ወንዶች ጉድጓድ ወርደው ወርቅ ይቆፍራሉ። ሴቶች ወንዝ ዳር ቁጭ ብለው አፈሩን በገበቴ ያጥባሉ። መጀመሪያ ረውዳን ከአጣቢዎቹ ጋር አስቀመጧት። ገበቴዋን ሁለቴ ሳታዞር ብድግ አለች። ወርቁ ከአሸዋው ጋር ሄደ። አባረሯት። እሷ ትዞራለች።

ቀጥሎ አፈር በገመድ እንድትጎትት አደረጓት። ገመዱን ይዛ ጉድጓዱን ትዞር ጀመር። ከታች ያሉት ወንዶች እንደ ሹሩባ ተጎነጎኑ፤ ሲፈታቱ መሸ። የጉድጓዱ አለቃ ሼህ አልቃሲም ተቆጡ።

«የሚዞር ድርሻ የለውም» ብለው ፈረዱ።

በሽር አፈረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወርቅ ሲካፈል ረውዳን የሚያያት ጠፋ። ሴቶቹም ጉንዳን ገባብሽ ወይ እያሉ ይስቁባታል። እሷ ትዞራለች።

ክረምት ገባ። ወንዶቹ ወርቅ ያዘለውን ቀይ አፈር አገኙና ምግብም ረሱ። ረውዳ በጉድጓዱ ዳር ስትዞር መሬቱ ተሰንጥቆ አየች። ስንጥቁ ጠዋት ጣቷን አስገባ። ረፋድ ላይ እግሯን ዋጠ። ውጡ ብላ ጮኸች፤ ሳቁ። ባሏን በስሙ ጠራችው።

«ኧረ አታሳፍሪኝ፣ ሂጂልኝ» አላት በሽር ከታች።

ወንዝ ዳር ሮጠች። የሰፈሩ ወርቅ ሁሉ በአንድ ገበቴ ተጠራቅሞ ነበር፤ የዝሆን ጭንቅላት ያክላል። ከሴቶቹ ነጠቀችና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች።

«ወርቃችሁን ወንዝ ልደፋው ነው» ብላ ወደ ወንዙ ሮጠች።

ያን ጊዜ የማይሰማ ጆሮ ሁሉ ሰማ። ተጋፍተው ወጡ፤ ሼሁም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከፊት ሮጡ። ወንዝ ዳር ሲደርሱባት ደፋችው። የዳቡስ ዓሣ እስከ ዛሬ ከብዶት ከሥር ነው የሚዋኘው። በሽር ዱላውን አነሣ። ከኋላቸው ምድር አጓራች። ዞር ቢሉ ጉድጓዱ የለም፤ ጭቃ ብቻ። ዱላው አየር ላይ ቀረ።

ሼህ አልቃሲም ወደ ረውዳ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ደክሞሻል፣ ተቀመጪ» አሏት።

«የማዶውን ጉድጓድ ማን ያየዋል?» ብላ ሄደች።

ይኸው ዛሬም እዚያ አገር ሰው ጉድጓድ ሲገባ አንድ ሰው ከላይ ይዞራል። አይቆፍርም፣ አያጥብም። ወርቅ ሲካፈል ግን ድርሻው ከቆፋሪው እኩል ነው፤ ስሙም «የረውዳ» ይባላል። ዟሪው ከተቀመጠ ቆፋሪው መሣሪያውን ጥሎ ይወጣል። ሽማግሌዎቹም «ዟሪ የሌለው ጉድጓድ መቃብር ነው» ይላሉ።