የጡት አባት በቅሎ

አንድ ገበሬ ነበረ። አንተ ይርሳው፣ «ጎረቤት አገሮች ከሩቅ ባለጠጋ አገር ጋር የቀረጥ ነጻ ውል ይፈራረማሉ፤ እርስ በርስ ግን ለምን አይገበያዩም?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? እንግዲያ አፍህን ዝጋና ስማ።

ገበሬው ሽንኩርት ያበቅላል፤ ጎረቤቱ በርበሬ። በመካከላቸው የቅንጭብ አጥር አለ፤ አጥሩ አንዲት በር አለችው። በዚያች በር ዕቃ የሚያሻግር ከየጆንያው አንድ ቁና ለወዲያኛው ይሰፍራል። በዚህ የተነሣ ሁለቱም አያሻግሩም።

ከወንዝ ማዶ አንድ ባለጠጋ ነበረ። ሁለቱም መጠጊያ ፈልገው በየተራ ሄዱ። ባለጠጋው አውራ ጣቱን በማር ነክሮ አጠባቸው፤ የጡት ልጆቹ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ዕቃ ጭና በምትመላለሰው በጡት አባት በቅሎ ላይ ቁና የሚያነሣ ጠፋ። ከሁለቱም ግቢ እንደ ልቧ ትገባለች፣ እንደ ልቧ ትወጣለች።

ገበሬው ልጁን ሊድር ሆነ። ሽንኩርቱ ጓዳ ውስጥ ያቆጠቁጣል፤ ለድግሱ ግን በርበሬ የለውም። ለባለጠጋው ብዙ ሽንኩርት ሰጥቶ አንድ ጆንያ በርበሬ አመጣ። ሚስቱ ልትፈታው ጎንበስ አለችና ጮኸች።

«ይህ የጎረቤታችን ሚስት የእትዬ ደብሪቱ ስፌት አይደለም እንዴ? በቀይ ክር የምትሰፋ ሌላ ማን አለ? የአጥር ማዶ በርበሬ ወንዝ ተሻግሮ መጣልን! አንተ ሰው፣ ሂድና ያቺን በር ክፈታት!»

እሱ ግን «የጎረቤቴን በርበሬ አስወድደህ ሸጥክልኝ» ብሎ ሊወቅስ ወደ ባለጠጋው ሮጠ። ባለጠጋው ሳቀበት። «ልጄ፣ አጥሩን እኔ ተከልኩት?»

ታዲያ ምን ያደረገ ይመስልሃል? በጎረቤቱ ተናደደ! «በርበሬውን ለባዕድ ሸጦ አዋረደኝ» ብሎ ጆንያውን ከነበርበሬው በአጥሩ ላይ ወደ ማዶ አሽቀነጠረው፤ አንዱን ቁናም ሁለት አደረገው። ሠርገኛው አልጫ በልቶ እየተጠቃቀሰ ሄደ። ሙሽራዪቱ አንገቷን እንደደፋች ወጣች።

አየህ ይርሳው፣ አገሮቹም እንዲሁ ናቸው። ሁለት ሰዎች አንድ የጡት አባት ካላቸው ወንድማማች ናቸው፤ ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ከሩቅ ሰው ጋር መዋዋል ነውር የለውም፣ ይዋዋሉ። ግን የጎረቤትን በር ዘግቶ የሩቁን በር የሚበረግድ፣ የገዛ ጎረቤቱን ዕቃ በእጥፍ ሲገዛ ይኖራል። እኔን የሚያበግነኝ ባለጠጋው አይደለም፤ እሱ ሥራውን ሠራ። የሚያበግነኝ ወንድሙን ቀርጦ ባዕዱን በነጻ የሚያሳልፍ ሰው፣ መልሶ እኔን «ለምን ደኸየን?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው።