ጠግባ የኖረች ባትሪና አጋፋሪዋ

ተረት ልጀምር ነው፤ «ጀምር» በሉኝ። ጀመርኩ።

መኪና ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በጭስ ፈንታ የውኃ ላብ እያንጠባጠበ የሚሄድ አንድ አውቶቡስ ነበር። በሆዱ ሦስት ሎሌዎች ይኖሩ ነበር። አያ ሴል ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ እየበላ ኤሌክትሪክ ያወጣል፤ አይቸኩልም፣ አይደክምም። እመት ባትሪ ፈጣን ናት፤ ትንፋሿ ግን አጭር ነው። በሁለቱ ላይ የተሾመው አጋፋሪ ነው፤ ማን ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጣ የሚያዘው እሱ ነው። ራሱ አንዲት ጎማ አዙሮ አያውቅም። ሹመት እንዲህ ነው።

ሾፌሩ ደርበው መንገደኛ ጭኖ ሲነሳ አጋፋሪውን ጠራና፣ «ከፊታችን ሦስት ዳገት አለ። መንገድ ላይ ካስቀረኸኝ ነቅዬ እጥልሃለሁ» አለው። አጋፋሪው ፈራ። ፈርቶም አላሰበም፤ «ምን ይሻለኛል?» ብሎ ወደ ባትሪ ሄደ።

እመት ባትሪም፣ «ጌታዬ፣ እኔን አይንኩኝ። የጌታ ቤት የሚከበረው ጎተራው ሞልቶ ሲታይ ነው» አለችው። «ጌታዬ» ሲባል ልቡ ቅቤ ጠጣ። ፍርሃቱንም ረሳው።

የመጀመሪያው ዳገት መጣ። አያ ሴል፣ «ድንገት ሲጭኑኝ ያመኛል፤ እመት ባትሪ መነሻው ላይ ታግዘኝ» አለ። «ዝም ብለህ ግፋ» አለው አጋፋሪው። ሴል ጋዙን እየዋጠ ብቻውን ወጣ። ቁልቁለቱ ላይ ጎማ መጣና፣ «እንኩ፣ ስወርድ የለቀምኩት ኃይል ነው» አለ። እመት ባትሪ፣ «ጠግቤያለሁ» አለች። የለቀመው ሁሉ ፍሬን ላይ ተቃጥሎ ቀረ።

ሁለተኛው ዳገት መጣ። «ታግዘኝ» አለ ሴል። «ግፋ» አለ አጋፋሪው። ቁልቁለቱ ላይ «እንኩ» አለ ጎማ። «ጠግቤያለሁ» አለች ባትሪ፤ አገሳችም። ፍሬኑ ተቃጥሎ ሸተተ። አጋፋሪው ግን የባትሪን ሙላት እያየ ኮራ። የተሾመው እንግዲህ እንዲህ ያለው ጅል ነው።

ሦስተኛው ዳገት እኩሌታ ላይ ጋዙ አለቀ። አያ ሴል፣ «እኔ ጨርሻለሁ» ብሎ ተኛ። አጋፋሪው ወደ ባትሪ ሮጦ፣ «እመቤቴ፣ ድረሺልኝ» አላት። ጌትነቱ እዚያው ቀረ። ባትሪ ተነሳች፤ ጥቂት ጎተተች፤ ትንፋሿ አለቀ። አውቶቡሱ ዳገቱ ላይ ቆመ፤ መንገደኛውም ወርዶ ይገፋ ጀመር።

እህል የጫነች አህያ በአጠገባቸው ስታልፍ፣ «ቁልቁለቱ ላይ ምን ሰበሰባችሁ?» አለች።

«ምንም። ሙሉ ነበርን» አለ አጋፋሪው።

አህያ ሳቀች። «አህያ የሚሉት እኔን ነው። ሙሉ ጋን ዝናብ እንደማይቀበል ግን አውቃለሁ። ባትሪህን ዳገቱ ላይ ብታጎድላት ኖሮ ቁልቁለቱ ይሞላልህ ነበር» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ደርበው ቃሉን አላጠፈም፤ አጋፋሪውን ነቅሎ ጣለው። ዛሬ አጋፋሪው የዶሮ ቤት በር መደገፊያ ነው። ዶሮዎቹ ሲገቡም ሲወጡም ይረግጡታል። እሱም በየቀኑ፣ «የምታልፉት በእኔ ፈቃድ ነው» ይላቸዋል።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦዬንም ለራበው ስጡት። ለጠገበማ አጋፋሪ አለለት።