የሦስተኛዋ ፉርጎ ስምንት እግሮች

«ተረት ይዣለሁ» ስላችሁ «አራግፈው» በሉኝ። ሦስት ጊዜ ካላላችሁኝ አልጀምርም። አንድ። ሁለት። ሦስት። እንግዲህ ስሙኝ።

ድሮ፣ ብረት ከእንስሳ ጋር በሚጫወትበት ዘመን፣ በአንዲት የቆላ ጣቢያ አንድ የእንፋሎት ባቡርና ሦስት የመንገደኛ ፉርጎዎች ቆመው ነበር። ሥራ ከፈቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ባቡሩን ሁሉም አያ ጥቁሩ ይሉታል። ፉርጎዎቹ የሚጠሩት በማዕረጋቸው ነበር፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አንደኛዋ የቆዳ ወንበር ነበራት፣ ሁለተኛዋ የጨርቅ፣ ሦስተኛዋ ባዶ ጣውላ። ተረቱ የሦስተኛዋ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ሦስት ሰዎች ወደ ጣቢያው መጡ። የቀጠራቸው የለም፣ ያዘዛቸው የለም፤ ባቡሩ እንደገና ሲሄድ ማየት ስለፈለጉ ብቻ መጡ። አንደኛው ጋሽ ዋቅጅራ ናቸው፤ አርባ አንድ ዓመት የፉርጎ መንኮራኩር ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ። ሁለተኛው ሐሰን ነው፤ በያጅ። ሦስተኛዋ እትዬ ፈትለወርቅ ናቸው፤ የወንበር ልብስ ሰፊ። አርብ የሐሰን ጸሎት፣ እሑድ የእትዬ ፈትለወርቅ ቅዳሴ ስለሆነ ሥራው ቅዳሜ ቅዳሜ ሆነ። መቶ አሥር ቅዳሜ ሠሩ። ዝገቱን ፋቁ፣ ጣውላውን ላጉ፣ መስኮቱን ገጠሙ።

ሦስተኛዋ ፉርጎ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። አንደኛዋ ግን ትጎነትላት ነበር።

«አንቺ ደግሞ የት ልትሄጂ ነው? ዕድሜሽን ሙሉ ዶሮና ፍየል ስትጭኚ የኖርሽ።»

«ዶሮዎቹ ጨዋ ነበሩ። አንድም ቀን በወንበሬ አልተጣሉም። ያንቺዎቹ ግን በመስኮት ይጣሉ ነበር።»

«እነሱ እኮ ንፋስ ፈልገው ነው።»

«የእኔዎቹ ንፋሱን ተካፍለው ነበር የሚሄዱት፤ ሰማንያ ስድስት ሆነው።»

በመቶ አሥራ አንደኛው ቅዳሜ ጠዋት ሐሰን ላቡን እየጠረገ እንዲህ አለ። «ዛሬ ከምሳ በኋላ እግር ይመታል። የታመመ እግር ያለው አይሄድም። ስንጥቁ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ መላ እንፈልጋለን፤ ከዚያ ከበለጠ ግን ፉርጎውን ቆርጠን ጣውላውን ለሌሎቹ እናደርገዋለን።»

እግር መምታት ማለት እንዲህ ነው። ሰው የብረትን ቋንቋ አይሰማም፤ ብረት ለሰው የሚናገረው ሲመታ ብቻ ነው። ጋሽ ዋቅጅራ እጀታው የረዘመ መዶሻ ነበራቸው። በእያንዳንዱ መንኮራኩር አጠገብ ጎንበስ ብለው አንድ ጊዜ ይመታሉ። ጤነኛው «ጥንንን» ይላል። የተሰነጠቀው «ድፍ» ይላል። የባቡር ሰው መንኮራኩርን እግር የሚለውም ስለዚህ ነው፤ ሲታመም ያነክሳልና።

ሦስተኛዋ ፉርጎ ስምንት እግር ነበራት። ሰባቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ላይ ግን ፀጉር የምታክል ስንጥቅ እንዳለች ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ታውቃለች። የሐሰንን ንግግር ስትሰማ ያ ሁሉ ደስታዋ ጠፋ። «ቆርጠን» የምትለው ቃል ብቻ ጆሮዋ ውስጥ ቀረች።

በፉርጎዋ የዕቃ መስቀያ ላይ እመት ጦጢት ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። እሷም ሐሰንን ሰምታዋለች፤ ነገር ግን «የታመመ እግር ያለው አይሄድም» እስከሚለው ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የምሳ ዕቃው ተከፍቶ ስላየች ማንጎ ልትሰርቅ ሄደች። ስለዚህ ግማሹን ወሬ ይዛ ተመለሰች።

ቀትር ሆነ። በዚያ አገር በቀትር ሰው አይሠራም። ሦስቱም ከጥላው ሥር ጋደም አሉ። ያን ጊዜ እመት ጦጢት ፉርጎዋን ጠጋ አለቻት።

«ፊትሽ ጠቆረ፣ እህቴ። ምን ሆንሽ?»

«ሦስተኛው እግሬ ነው። ሲመቱት ሊያጋልጠኝ ነው።»

«ለዚህ ነው? ጭቃ ልቀባልሽ።»

«ጋሽ ዋቅጅራ ሳያራግፉ አይመቱም።»

«እንግዲያው መዶሻቸውን ልስረቀው።»

«ቤታቸው ሌላ ሁለት አላቸው።»

እመት ጦጢት አገጯን አከከች። «በይ ፍሬንሽን ላጥብቀው። ፍሬኑ ስምንቱንም እግር ነክሶ ሲይዝ ሁሉም ድምፃቸው አንድ ይሆናል። ሁሉም አንድ ዓይነት ካሉ የታመመችው ከየት ትለያለች?»

ፉርጎዋ አሰበች። ፍርሃት ያለበት ሰው ሲያስብ የሚያስበው ስለ ፍርሃቱ ብቻ ነው። «አጥብቂው» አለች።

እመት ጦጢት በፉርጎዋ ጫፍ ያለውን የእጅ ፍሬን ዘወረችው፤ አሥራ አራት ዙር። ለፉርጎዋ አዝና አይደለም። ፉርጎዋ ካልሄደች ቤቷም አይሄድም ብላ ነው።

ከቀትር በኋላ ጋሽ ዋቅጅራ መዶሻቸውን አነሱ። አንደኛዋን መቱ፤ ስምንት ጊዜ «ጥንንን» አለች። ሁለተኛዋን መቱ፤ ስምንት ጊዜ «ጥንንን» አለች። ሦስተኛዋ ጋ መጡ።

ድፍ።

ድፍ። ድፍ። ፉርጎዋ ልትጮህ ሞከረች፤ ፍሬኑ ግን አንቆ ይዟታል። ስምንት ጊዜ መቷት፣ ስምንት ጊዜ «ድፍ» አለች።

ጋሽ ዋቅጅራ ቀና አሉ። ከዚያ ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው በበሯ ላይ የመስቀል ምልክት አሰመሩ።

«ስምንቱም?» አለ ሐሰን።

«ስምንቱም።»

«በቃ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የመቁረጫውን ጋዝ ይዤ እመጣለሁ።»

እትዬ ፈትለወርቅ ጣውላውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት። «እኔስ ይህቺን ነበር የምወደው። እናቴ እዚህች ላይ ቁጭ ብላ ነው ከአገሯ የመጣችው» አሉ። ግን ማን ይሰማቸዋል? መዶሻው ተናግሯል።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ እመት ጦጢት እየዘለለች መጣች። «አየሽ? አትሄጂም። አሁን የእኔ ነሽ።»

«ለሰባት ቀን ያንቺ ነኝ» አለች ፉርጎዋ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እቆረጣለሁ። ለማንጎው ባትቸኩዪ ኖሮ ትሰሚ ነበር።»

እመት ጦጢት ቀና ብላ ቤቷን፣ የዕቃ መስቀያውን አየች።

ፉርጎዋ እሑድን አለቀሰች፣ ሰኞን አለቀሰች። ማክሰኞ ከፊቷ የቆመው አያ ጥቁሩ ሰለቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ስንት እግርሽ ነው የታመመው?»

«አንድ።»

«ስንቱን ደበቅሽ?»

«ስምንቱን።»

«ሰባት ጤነኛ እግር ለአንድ በሽተኛ ብለሽ ቀበርሽ ማለት ነው። እኔ ሆዴ ውስጥ መቶ ሃያ ስድስት ቱቦ አለኝ። እሳት ከመንደዱ በፊት ቀዝቃዛ ውኃ ሞልተው በግፊት ሲፈትኑኝ ዘጠኙ አፈሰሱ። አንደኛዋ ፊት፣ ሁለተኛዋ ፊት፣ አንቺ ፊት አፈሰሱ። አፈርኩ?»

«ያፈሩ መስሎኝ ነበር።»

«አዎ፣ ትንሽ አፍሬያለሁ። ነገር ግን ሐሰን ዘጠኙን ቆጠረ፣ ዘጠኙን ቀየረ፣ አለቀ። ደብቄያቸው ቢሆን ኖሮ እሳት ላይ ሆኜ ነበር የምፈነዳው። እሱንም ይዤው እሞት ነበር።»

ፉርጎዋ ረቡዕን ጤነኛ እግሮቿን ስትቆጥር ዋለች። ሐሙስ በቀትር እመት ጦጢትን ጠራቻት።

«እመት ጦጢት፣ ቁጥር ትችያለሽ?»

«እስከ ሦስት። ልጆቼ ሦስት ስለሆኑ።»

«ይበቃል። ከሄድኩ በሳምንት ለአንድ ቀን ታጪኛለሽ፤ ማታ እመለሳለሁ። ከተቆረጥኩ ግን ለዘለዓለም ታጪኛለሽ። የትኛው ይበልጣል?»

«ለዘለዓለም ከሦስት ይበልጣል?»

«ይበልጣል።»

እመት ጦጢት አገጯን አከከች። «ፍሬኑን ከፈታሁት እኮ ያቺ ስንጥቅሽ ትሰማለች።»

«ትሰማ።»

«ሁሉም ሰው ያውቅብሻል። አንደኛዋ ዓመቱን ሙሉ ትስቅብሻለች።»

«ትሳቅ። አሁንም እየሳቀች ነው።»

እመት ጦጢት ብቻዋን ሳበች፤ ፍሬኑ እምቢ አለ። ከትልቁ ልጇ ጋር ሳበች፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ አራቱም ተንጠላጥለው ሳቡ፤ ፍሬኑ አንድ ጊዜ ጮኸና ተፈታ። አሥራ አራቱንም ዙር መለሱት። ትንሹ ልጅ ሥራው አልቆም አልወርድም ብሎ ነበር።

ቅዳሜ ሐሰን ጋዙን ይዞ መጣ። እሳቱን ሊለኩስ ሲል ጋሽ ዋቅጅራ እጁን ያዙት።

«አንድ ጊዜ ልምታት።»

«ጋሼ፣ መትተዋታል እኮ።»

«ሰባት ቀን ሙሉ አንድ ቁጥር አልዋጥልህ አለኝ። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ፉርጎ ላይ ያገኘሁት ስንጥቅ ቢበዛ ሦስት ነው። ስምንቱም በአንድ ላይ ይታመማሉ? ወረርሽኝ ነው እንዴ?»

ጎንበስ ብለው መቱ። ጥንንን። ሁለተኛውን መቱ። ጥንንን። ሦስተኛውን መቱ።

ድፍ።

ፉርጎዋ ዓይን ቢኖራት ትጨፍን ነበር። አራተኛውን መቱ። ጥንንን። ከዚያ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፤ ሁሉም እንደ ደወል ጮኹ።

«ሰባት ደህና፣ አንድ ስንጥቅ» አሉ ጋሽ ዋቅጅራ። ቀጥ ብለው ወደ ፉርጎዋ ጫፍ ሄዱ። የእጅ ፍሬኑን አዩት፤ ላላ ብሏል፤ እጀታው ላይ የጦጣ ፀጉርና የማንጎ ጭማቂ ደርቆበታል። ቁጭ አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ያን ቀን ፍሬኑን ሳላይ ነው የመታሁት። አርባ አንድ ዓመት ሠርቼ ፍሬኑን ሳላይ መታሁ። ተማሪ ቢያደርገው ኖሮ ከሥራ አባርረው ነበር።»

«እኔ ላባርርዎት?» አሉ እትዬ ፈትለወርቅ።

«ደሞዝ ስትከፍይኝ ታባርሪኛለሽ።»

ሐሰን ጋዙን ዘጋው። እትዬ ፈትለወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ ምራቅ አስነክተው የጠመኔውን ምልክት ከበሩ ላይ ጠረጉት። ከጣቢያው ጀርባ፣ ሣር የበቀለበት፣ ሁለት መንኮራኩር ያለው አንድ የቆየ የብረት ዘንግ ተጋድሞ ነበር። ጋሽ ዋቅጅራ እያንዳንዱን መቱት፤ ሁለቱም «ጥንንን» አሉ። ፉርጎዋን አንሥተው፣ የታመመውን በአንድ ዘንግ ከተያያዘው ጓደኛው ጋር አውጥተው፣ ያን ዘንግ ለመግጠም ሦስት ቅዳሜ ፈጀባቸው።

በመቶ አሥራ ስድስተኛው ቅዳሜ አያ ጥቁሩ እሳት በላ፣ ውኃ ጠጣ፣ ጮኸ። ከተማው በሙሉ ወጣ። ሰው አንደኛዋን አየ፣ አደነቃት፣ እንዳያቆሽሻት ፈርቶ አለፈ። ሁለተኛዋ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ገባ። ሦስተኛዋ ውስጥ ዘጠና አንድ ሰው፣ አራት ዶሮና አንድ ፍየል ገቡ። እትዬ ፈትለወርቅ በመስኮቱ ጥግ ተቀመጡ። እመት ጦጢት ከነልጆቿ ጣራው ላይ ወጣች።

ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሄዱ፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተመለሱ። መንገዱን ሁሉ ስምንቱ እግሮች በአንድ ድምፅ ይዘፍኑ ነበር። ፉርጎዋ እያንዳንዱን ለብቻው ታዳምጥ ነበር፤ አዲሶቹንም፣ የድሮዎቹንም። አንዱም አላነከሰ።

ልጆቼ፣ ነገሩ ይህ ነው። አንዷን ጉድለቱን ለማፈን ብሎ አፉን የዘጋ ሰው፣ ጤናውንም ተናጋሪ ያሳጣዋል። ሐኪም ፊት፣ ዳኛ ፊት፣ ባለሙያ ፊት ስትቆሙ ፍሬናችሁን ፍቱ። አንድ ስንጥቅ ይጠገናል፤ ስምንት ዝምታ ግን ያስቆርጣል።

ተረቴ ጣቢያው ደርሷል፤ ዕቃችሁን ቆጥራችሁ ውረዱ።